ቱቦውና የዞረችው ጅረት

...እኔማ የዚያኑ ቀን ነው የነገርኳት። «አንቺ ሳሙና፣ ምላስሽን ሰብስቢ፤ ልጅቷ የምትጽፈውን አይተሽ ነው የምትለፈልፊው?» አልኳት። ትሰማኛለች? የት ልትሰማኝ! ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ቀያሽ ደብተሯን ዘርግታ ቁጭ ስትል ጊዜ፣ ይቺ ጎረቤቴ እንደ ኮረዳ እየተሽኮረመመች፣ «ይቺ ጅረት እኮ ድሮ በዚህ በኩል አልነበረችም፤ ራሷ ፈልጋኝ ነው የመጣችው» ብላ ቁጭ! ልጅቷም ጻፈችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አስፈረመቻት። በገዛ ጣቷ ቤቷን አስፈረሰች በሉት።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ጥፋቱ የሷ አይደለም። ጥፋቱ የባሏ ነው፤ የቱቦው።

ቱቦው ብለን ስም ያወጣንለት የሰፈሩ ሴቶች ነን፤ መጀመሪያ ከማን አፍ ወጣ ካላችሁኝ እኔ ምን አውቃለሁ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ስትጠሩት ድምፁ ከውስጥ እየተንደቀደቀ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሥራውም ያው ነው፤ ዕድሜ ልኩን የቧንቧ ሠራተኛ። ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ባለቤቱን አይደለም፣ ቧንቧውን ነው። ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርግና ከዚያ ነው «እንደምን ናችሁ» የሚለው። ውሃ የት እንደሚያፈስ ሲፈልግ ደግሞ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እናንተ እንቅልፍ ወሰደው ስትሉ ጣቱን ቀስ አድርጎ ያሳርፍና «እዚህ ጋ ታንጠባጥባለች» ይላል። ሲሰብሩት እውነትም እዚያው። አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታሞ በተኛ ጊዜ ሊጠይቀው መጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተገትሮ አንዲት ቃል አልወጣውም። ባሌም ያየዋል፣ እሱም ባሌን ያየዋል። በመጨረሻ ብድግ አለና «የእጅ መታጠቢያው ጎማ አልቃለች» ብሎ ወጣ። ባሌ ከመሞቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀው ያን ቀን ነው።

ሳሙና ደግሞ ሚስቱ ናት። እሷም ስሟን ከሥራዋ ነው ያገኘችው፤ የሆስፒታሉን አንሶላ የምታጥበው እሷ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ እናቷም እዚያው ሥራ ላይ ሆና ነው ያረጀችው። እጇን ብታዩት ዛሬም እንደ ሕፃን እጅ ነጭ ነው፤ አፏ ነው እንጂ ያልታጠበው። ደህና ሴት ናት፣ አላማትም።

ጅረቷን ለማታውቁ ልንገራችሁ እንጂ፣ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ወንዝ እያልን እናንቆለጳጵሳታለን እንጂ ጅረት ናት። ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ፣ ትልቅ ድንጋይ አለ አይደል፣ ከሱ ሥር ነው የምትወጣው። እዚያ ጋ ስታዩዋት እዚህ ግባ አትባልም፤ ባልዲ ብትደቅኑባት ቆማችሁ አንድ ሰው አምታችሁ እስክትጨርሱ ነው የምትሞላው። ከዚያ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ትወርዳለች። ልጆቹ የፈተና ወረቀታቸውን ጀልባ እየሠሩ ይለቁባታል፤ ስለዚህ የማን ልጅ እንደወደቀ ታች ያለነው ከእናቱ በፊት እናውቃለን። ቀጥሎ አስፋልቱ ሥር በሲሚንቶ ቱቦ ትገባለች፤ ያንን ቱቦ ከቀበሩት አንዱ የኛው ሰውዬ ነው። ከዚያ ስትወጣ የመካኒኩ ጋራዥ አጥር ጋ ትደርሳለች። ጉዱ እዚህ ነው። ቀጥ ብላ ቁልቁል መውረድ ሲገባት፣ እንደ ክርን ወደ ግራ እጥፍ ትልና፣ የሳሙናን የጓሮ ግድግዳ ታክካ፣ ሸንበቆውን አቋርጣ፣ ዞር ዞር ብላ ትልቁ ወንዝ ትገባለች። ምን ልታደርግ እዚያ ሄደች? ማንም አልጠየቀም። ውሃ አይደለች?

እኛ ልጆች ሆነን አስፋልት የለ፣ ጋራዥ የለ። ከላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ። ጨርቁን ቀለም ነክረው እጣቢውን ወደ ጅረቷ ነበር የሚለቁት። ሰኞ ቀይ ትመጣለች፣ ረቡዕ ሰማያዊ፣ አርብ ደግሞ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቀለም። ገበያ ላይ ምን ቀለም ቀሚስ እንደሚመጣ ከነጋዴው በፊት የምናውቀው እኛ ነበርን። የአክስቴ ነጭ ዳክዬዎች አንድ ቅዳሜ አረንጓዴ ሆነው ቢመጡ፣ አክስቴ የሰው ዳክዬ ነው ብላ በዱላ አባረረቻቸው። ፋብሪካው የሚያርፈው እሑድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጅረቷ የምትጠራው እሑድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልብስ የሚታጠበው እሑድ ብቻ ነው። ሴቱ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው፤ ዛሬ ጋራዥ ያለበት ቦታ ላይ። አዎ፣ ያን ጊዜ ጅረቷ ቀጥ ብላ በዚያ ነበር የምትወርደው።

የሳሙና የእናቷ ቤት፣ ዛሬም የምትኖርበት፣ ከዚያ በስተግራ፣ ከጉብታው ማዶ ሸንበቆው ጋ ነው። አንሶላ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ደረቁ አንሶላ ምንም አይደል። እርጥቡን ሃያ አድርጋችሁ ተሸከሙና ዳገት ውጡ። ልጅቷ በአሥራ ስምንት ዓመቷ እንደ አሮጊት ጎብጣ ነበር የምትወጣው። ቱቦው ያን ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ የቧንቧ ቀባሪዎች ጋ አካፋ ያዥ ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመቱ። እሑድ እሑድ እዚያ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ሰላም አይላት፣ ላግዝሽ አይላት፣ ብቻ ያያታል። እሷም «ያ እንጨት ዛሬም መጣ» ትላለች፣ ሴቱ ይስቃል። ከዚያ አንድ እሑድ ቀረ። ሁለተኛውም ቀረ። ሳሙና «እንጨቱን ምን በላው?» አለች፤ ስትል ግን አልሳቀችም፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

በቀረ በሰባተኛው እሑድ፣ እንደተለመደው ስናጥብ፣ ውሃው ጎደለ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ነበር፣ ጣታችን ድረስ ሆነ፣ ከዚያ ጭቃ ብቻ ቀረ። እናንተዬ! ሴቱ እሪ አለ። አንዷ ዓለም ልታልፍ ነው አለች፣ አንዷ ፋብሪካው ጠጣው አለች። ልብሱን እዚያው ጥለን ሽቅብ ሮጥን። ሳሙና ደግሞ እናቷ ስትጮህ ጊዜ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ብታይ ጅረቷ የጓሮዋን ግድግዳ እየላሰች ታልፋለች! ሸንበቆው መሃል፣ ድሮ ምንም ያልነበረበት።

በማግስቱ ቱቦው መጣና አጠገቧ ቆመ። በሕይወቱ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገራት፤ «ፈልጋሽ መጣች» አላት። በቃ። በዓመቱ ተጋቡ።

እሷ «ራሷ» የሚለውን ጨመረችበት። «ራሷ ፈልጋኝ መጣች» እያለች ሃምሳ ዓመት አወራችው። ለሆስፒታሉ ሰዎች፣ ለልጆቿ፣ ለልጅ ልጆቿ፣ ለአዲስ ጎረቤት ሁሉ። እኔ ራሴ አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ። አራት ልጆቿን በዚያች ውሃ አጥባ ነው ያሳደገችው፤ ፋብሪካው ተዘግቶ ውሃዋ ሰባቱንም ቀን መጥራት ከጀመረችማ ኩራቷ አልቻል አለ። ቱቦው ከጎኗ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሌላው ባል ሚስቱ ስትዋሽ ነው ጫማውን የሚያየው፤ ይሄ ሚስቱ እውነት መስሏት ስታወራ ነው የሚያየው።

ወደ አሁኑ ልመልሳችሁ። አምና ክረምት ጅረቷ ሞልታ ታች አዲሶቹ ቤቶች ገባች፤ የሰው ፍራሽ ተንሳፈፈ። ማዘጋጃ ቤቱ ደነገጠና ደንብ አወጣ፤ ከጅረት ዳር አሥራ አምስት ሜትር ውስጥ ያለ ቤት ይነሳል። ቀያሿን ላኩ። ደህና ልጅ ናት፤ በሦስት እግር የሚቆም መነጽሯን ተክላ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታይ ታሳዝናለች። የሳሙናን ግድግዳ ለካች፤ ሁለት ሜትር እንኳ አልሞላም። ቀይ ምልክት ተቀባ። ከዚያ ነው ታሪኩን ስትጠይቃት ያቺ የኔ ብልጥ «ራሷ ፈልጋኝ መጣች» ብላ የፈረመችው።

ሳሙና ነገሩ የገባት ማታ ልጇ ሲያስረዳት ነው። ጠዋት ስሄድ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማጠቢያ ድንጋይዋን ታያለች። «ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ይሰጡሻል አሉኝ» አለችኝ። «ፎቅ ላይ እናቴ የት አለች? ይሄ ቤት ሲፈርስ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ።

ቀጥ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ቱቦው የቧንቧ ቁልፍ ይወለውላል።

«አንተ ቱቦ!»

«አቤት።»

«ቤቱ ሊፈርስ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ቀያሿ ምን እንዳለች ሰምተሃል? ጅረቷ በራሷ ከዞረች ቤቱ ይነሳል። ሰው ቆፍሮ ያዞራት ከሆነ ግን ጅረት ሳትሆን ቦይ ናት፤ ቦዩን ይደፍኑታል እንጂ ቤቱን አይነኩትም።»

መወልወሉን ቀጠለ። ያ ቁልፍ ከዚያ በላይ ሊጸዳ አይችልም ነበር።

«ያን ቀን አይቼሃለሁ» አልኩት።

ቁልፉ እግሩ ላይ ወደቀ። አላመመውም መሰለኝ። «የቱን ቀን?»

«የቱን ቀን ይለኛል ደግሞ! አካፋ ይዘህ። ልቀጥል?»

ጆሮው ቀላ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ጆሮ ሲቀላ ያየሁት ያኔ ነው። «አትቀጥዪ» አለኝ። «በሞትኩት፣ ለሷ እንዳትነግሪያት።»

«ምን ነካህ? ቤቷን እኮ ነው የምታጣው! ደግሞ ምን ያሳፍራል? ሚስትህ ናት፣ ለሷ ብለህ ነው የቆፈርከው።»

ቱቦው ውስጥ ሲንደቀደቅ ይሰማኛል። «ባልማ ሁሉም ሴት አላት» አለ በመጨረሻ። «ጅረት የመጣችላት ግን እሷ ብቻ ናት።»

እኔም እንግዲህ ሰው ነኝ፤ የወደቀውን ቁልፍ አንስቼ ሰጠሁት። ከዚያ «ሐሙስ ቀያሿ ጋራዡ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ ትመጣለች። አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፤ እኔ ከተናገርኩ ደግሞ ከነዝርዝሩ ነው» ብዬው ወጣሁ።

ሐሙስ ጋራዡ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ቀያሿ አለች፣ መካኒኩ አለ፣ ሳሙና ነጠላ ጫማዋን እያፋጨች አለች። ቱቦው የሥራ ካፖርቱን ለብሶ ገባ። ሰላም አላለም። ወለሉ ላይ ተንበረከከና ጆሮውን ሲሚንቶው ላይ ለጠፈ።

«አባባ፣ ዘይት አለ፣ ጆሮዎት!» አለ መካኒኩ።

ቱቦው ዓይኑን ጨፍኗል። «እዚህ ነው የድሮ መንገዷ» አለ። «ከዚህ ግሪዝ ጉድጓድህ ሥር።»

መካኒኩ መኪና ለመፈተሽ የቆፈረው ጉድጓድ አለው፤ ክረምት ክረምት ውሃ ይሞላበታል። አሥር ዓመት ሙሉ «ያንተ ቧንቧ ነው የሚያፈሰው» እያለ ቱቦውን ሲወቅሰው፣ ሰውዬው ዝም ብሎ እየመጣ ደህናውን ቧንቧ ይቀይርለት ነበር። ምክንያቱን ያወቅነው ያን ቀን ነው፤ ምንጩን ከተናገረ ሌላውንም መናገር ነበረበታ!

ቀያሿ በስልኳ መብራት ጉድጓዱ ውስጥ ገባችና ከግድግዳው ላይ አንድ ድንጋይ ነቅላ ወጣች። እንደ እንቁላል የለሰለሰ። «እውነት ነው፣ የወንዝ ድንጋይ ነው። ጅረቷ በዚህ ነበረች» አለች። «ግን አባባ፣ እማማ ራሷ ዞረች ብለው ፈርመዋል።»

«ታዲያስ! ራሷ ናት!» አለች ሳሙና። እዩልኝ እስቲ፣ ቤቷ እየሄደ!

ቱቦው ከወለሉ ተነሳ። ጆሮው ላይ የዘይት ክብ ታትሞበታል። «እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«የቆፈርኩት። ሰባት እሑድ። ሸንበቆውን ሳልቆርጥ መሃል መሃሉን። ላዩኝ ሰዎች ቧንቧ ልንቀብር ነው አልኳቸው።»

ሳሙና አሮጌ ጎማ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ለምን?» አለችው።

«አንሶላው ይከብድሽ ነበር።»

«ፈልጋሽ መጣች አልከኝ!»

«መጣች አልኩ እንጂ ብቻዋን መጣች አላልኩም።»

እኔ ታለቅሳለች ብዬ መሀረቤን አውጥቼ ነበር። እሷ ግን ትንሽ አስባ ወደ ቀያሿ ዞረችና «ሰርዢው» አለቻት። «ራሷ የሚለውን ሰርዢና እሱ አመጣት በይ። በደማቁ ጻፊው።» እኔ የማውቃት ሳሙና ከነገ ጀምሮ ይሄንን አንድ ሺህ ጊዜ ልታወራን ነው ማለት ነው፤ ከድሮው ይብሳል።

ቀያሿ ግን ብዕሯን አላነሳችም። «ባልና ሚስት ስለ ገዛ ቤታቸው የሚሉት ብቻውን አይበቃም። ያየ ሌላ ሰው ያስፈልጋል» አለች። አጣቢዎቹ አልቀዋል፤ እናቷም የለች። ቱቦው ተመለከተኝ። አስተያየቱ «በይ እሺ» ነው፤ ደግሞም «ያቺን ብቻ ተዪልኝ» ነው። እኔ ደግሞ ምስክርነት ገማሽ አድርጌ መስጠት አልችልም።

ለማንኛውም ቤቱ ተርፏል። ቀዩ ምልክት ላይ ግራጫ ቀለም ቀብተውበታል፤ ከግድግዳው ጋር አይመሳሰልም ብላ ሳሙና እያማረረች ነው። ከክረምቱ በፊት ጅረቷን ወደ ድሮ መንገዷ ይመልሷታል፤ ጋራዡ ሥር በቱቦ ታልፋለች። ያንን ቱቦ ማን እንደሚቀብር እንኳ አትጠይቁኝ፤ ከአሁኑ አካፋውን ስሎታል። ለሳሙና ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ ቧንቧ እየዘረጋላት ነው፤ አንሶላ ማጠብ ከተወች ስንት ዓመቷ፣ እሱ ምን ገዶት።

የመሰከርኩት ምን ነበር? ያየሁትን ነዋ።

ያን እሑድ ቱቦው ሱሪው እንዳይበላሽበት አውልቆ ቁጥቋጦ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚቆፍረው። የመጨረሻዋን የአፈር ግድብ ሲንዳት፣ ውሃው እሱ ባሰበው ልክ ቀስ ብሎ መች መጣ! ግድቡንም፣ ቁጥቋጦውንም፣ ሱሪውንም ጠራርጎ ይዞ ወረደ። ሱሪው በሳሙና እናት ጓሮ በኩል አልፎ ወደ ትልቁ ወንዝ ሄደ፤ የእናቷ ጩኸት ለውሃው ብቻ አልነበረም። ሰውዬው እስከ አንገቱ ጭቃ ለብሶ ሸንበቆ ውስጥ ተደበቀ። እኛ ልብሱን ጥለን ሽቅብ ስንሮጥ ጊዜ፣ ተንፏቆ መጥቶ ከሳሙና አንሶላዎች አንዱን አንስቶ ተጠቀለለበት። ሳሙና አንሶላውን የአክስቴ ፍየል በላችው ብላ አክስቴን ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ ነስታታለች፤ ይሄንን ጋራዡ ውስጥ ስትሰማ ባሏን ያየችበትን ዓይን ብታዩት!

እኔና አክስቴ ከላይ ስንመለስ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ፊት ለፊት ገጠመን። ነጭ ለብሷል፣ የሆስፒታሉ ማኅተም ደረቱ ላይ ነው፣ ትከሻው ላይ አካፋ። እኔ በእግሩ ቅጥነት አወቅኩት። አክስቴ ግን ዓይኗ ደከም ያለ ነው፤ ማኅተሙን ብቻ አየች። ያን ሰሞን ሳል ይዟት ነበር። መንገዱን ዘጋችበትና «ዶክተር፣ እግር ጥሎህ ካገኘሁህ አይቀር ይቺን ደረቴን እያት» አለችው።

እምቢ ቢል አንሶላውን ይዛ ልትለምነው ነው። ሮጦ ለማምለጥ ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልገዋል፤ አንዱ አካፋ ይዟል፣ አንዱ አንሶላ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና ጆሮውን ጀርባዋ ላይ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ሳለች። በአካፋው እጀታ ከትከሻዋ ሥር አንዲት ቦታ ቀስ አድርጎ ነካና፦

«እዚህ ጋ ታንጠባጥባለች» አላት።